ገቢና ወጪ

አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ገቢ ደብዳቤ ይመዘግባል፣ ወጪ ደብዳቤ ይመዘግባል፣ ፋይል ሲጠፋ ይጠየቃል። ልማዱ ቤት ድረስ ተከትሎት ይመጣ ነበር። የገዛው ሸክላ ሁሉ ቁጥር አለው። ቁጥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ በሸክላው መሐል ባለው ክብ ወረቀት ጠርዝ ላይ፣ የዘፋኙን ስም እንዳይነካ ተጠንቅቆ ተጽፏል። ያው ቁጥር ጀርባው በጥቁር ጨርቅ በተለበጠ መዝገብ ላይም ሰፍሯል፦ ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የዘፋኙ ስም፣ አንደኛ ፊት፣ ሁለተኛ ፊት፣ ዋጋ። ቀጥሎ በማስመሪያ የተሰመረ ወፍራም መስመር አለ። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ወጪ ነው፤ ማን ወሰደው፣ መቼ ወሰደው፣ ፊርማ። ዳር ላይ ደግሞ ጠበብ ያለች ዓምድ አለች፤ «ተመላሽ» ትላለች።

አዎ፣ ፊርማ። አባቴ ሸክላ የሚያውሰው አስፈርሞ ነው። የገዛ ወንድሙን ሳይቀር አስፈርሞታል። አጎቴ ይህን ነገር በየሠርጉና በየክርስትናው እያነሳ ሰው ያስቅበት ነበር፤ ፊርማው ግን እስከ ዛሬ አለ፣ ከነተመላሹ።

መዝገቡ የሚጀምረው በ1963 ዓ.ም ነው። ጊዜው ለሸክላ ሰው ጥሩ ጊዜ ነበር። ከዚያ በፊት ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በንጉሡ ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ክልከላ አልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አስገባ። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። አምሐ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባለቤቱ ወደ አሜሪካ እስኪሄድ ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጣ፤ ፊሊፕስም የራሱን ያወጣ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ከተማው አሊ ታንጎ እያለ የሚጠራው ሰው ካይፋ ሪከርድስን ይዞ መጣ። አባቴ ከእነዚህ ሁሉ የሚገዛው በወር አንድ ነው፤ ደሞዝ በወጣ ማግስት። ድምፁ አዲስ አበባ ተቀርጾ ሸክላው ሕንድ ወይም ቤይሩት መታተሙ ይገርመው ነበር። «ዘፋኙ እዚሁ ሰፈር ቡና ይጠጣል፣ ዘፈኑ ግን ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣልን» ይል ነበር። ይህንንም «የታተመበት አገር» ብሎ ዓምድ ሊያበጅለት አስቦ ቦታ አጣ።

ማጫወቻችን የሻንጣ ግራሞፎን ነበር። ክዳኑ ሲነቀል ድምፅ ማጉያ ይሆናል። ሳሎን ውስጥ ቡፌው ላይ ይቀመጣል፤ ሸክላዎቹ ደግሞ ቡፌው ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎች ሥር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ይተኛሉ። ዛሬ ይህንን ሳስበው ሆዴን ያመኛል። ሸክላ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይቀመጥም፤ ሲተኛ የላዩ የታችኛውን ይጫነዋል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ይጣመማል። የእኛ ቡፌ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ነበር። በዚህ የተነሳ ግማሾቹ ሸክላዎች ሲዞሩ እንደ ባሕር ማዕበል ከፍ ዝቅ ይሉ ጀመር፣ መርፌውም መዝለል አመጣ።

አባቴ መፍትሔ አገኘ፦ አምስት ሳንቲም። በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ፣ ከመርፌው አናት፣ በክር አስሮ አስቀመጣት። መርፌዋ መዝለል አቆመች። በነገሩ የበቃህ ሰው ከሆንክ ይህችን ስታነብ ዓይንህን ጨፍን። ደህና መርፌ ሸክላውን መጫን ያለበት ሁለት ግራም ገደማ ነው፤ የድሮዎቹ የሻንጣ ማጫወቻዎች ድሮም ከዚያ ይከብዳሉ፤ አባቴ በዚያ ላይ የሳንቲሟን ክብደት ጨመረበት። ያ ማለት ማሕሙድና ጥላሁን በዘፈኑ ቁጥር መርፌዋ ቦዩን ትንሽ ትንሽ እያረሰች ትሄዳለች። በፍቅር ብዛት ገደልናቸው።

ሳንቲሟ ላይ የጃንሆይ ምስል ነበረ። አብዮቱ ሲመጣ እናቴ አንድ ቀን ዓይኗ አረፈባትና «እቺን ከዚህ ላይ አንሣት፣ ሰው ያያል» አለችው። አባቴ «ክብደቷ ልክ ነው» ብሎ ተከራከረ። ብዙ አልቆየም፤ 1969 የሚል የተቀረጸበት አዲሱ ሳንቲም ሲወጣ ጃንሆይ ወረዱና የአንበሳው ራስ ተተካ። አባቴ ግን ድምፁ ተለውጧል ብሎ ለወራት አጉረመረመ። ልዩነቱ ለእኔ አይሰማኝም ነበር፤ ለእሱ ግን ይሰማው እንደነበር አምናለሁ።

እናቴ ሸክላን በሁለት ነው የምትከፍለው፤ የእሷ ሸክላና የእሱ ሸክላ። የእሷ ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ጋኑ ነው። «ከሁለቱ ሸክላ እንጀራ የሚያበላን የትኛው ነው?» ትላለች፣ ወር በገባ ቁጥር። አባቴ መልስ የለውም፤ መርፌዋን ያስቀምጥና ጸጥ ይላል። እሷም ዘፈኑ ከጀመረ በኋላ ጭቅጭቋን አትቀጥልም። በተለይ ብዙነሽ በቀለ ስትዘፍን ሥራዋን ጥላ በሩ ላይ ትቆማለች። መዝገቡ ላይ 31 ቁጥር የብዙነሽ ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ሰዎች የሚስማሙበት ብቸኛው ሸክላ ይኸው ነበር ማለት ይቻላል።

ግቢያችን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለችውን ክፍል የተከራየ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲያልፍ ጭንቅላቴን መታ መታ የሚያደርግ። አባቴን «ጋሼ» ይለዋል፤ አባቴም ስለሚወደው ሸክላ ሲሰጠው ስለ አያያዝ የሚሰጠውን ስብከት ያሳጥርለታል። በየካቲት 1969 ዓ.ም አንድ ምሽት መጥቶ የብዙነሽን አዋሰኝ አለ። የሆነ ቤት ሰው ተሰብስቦ ሊያዳምጥ ነው። እናቴ ከጓዳ «እሱን ተውልን» አለች። አባቴ አመነታ፤ ከዚያ መዝገቡን አወጣ። ልጁ ቆሞ ፈረመ። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፣ መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሲፈርም ስሙን ሲጨርስ መስመሩን ወደ ኋላ መልሶ ከሥሩ ሲያሰምርበት አይቻለሁ። «እስከ እሁድ ነው ጋሼ» አለ።

እሁድ አልመጣም። ክፍሉ ተቆልፎ ቆየ፤ ከዚያ ቁልፉ ተሰበረ፤ ሰዎች መጥተው ፈትሸው ሄዱ። ተሰወረ ያሉ ነበሩ። ሌላ ነገርም ያሉ ነበሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቤተሰቦቹ ገጠር ስለነበሩ የሚጠይቅ ሰውም ወዲያው አልመጣም።

መጋቢት ላይ የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ወደ እኛ ሰፈር ሊደርስ ነው ተባለ። በዚያን ጊዜ ነው እናቴ ሁላችንም ያላሰብነውን ያሰበችው። መዝገቡ! የሰው ስም፣ ቀን፣ ቁጥር፣ ፊርማ። ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ የስም ዝርዝር፤ መካከሉ ላይ ደግሞ የዚያ ልጅ ስም። ይህ የሸክላ ማዋሻ መዝገብ ነው ብሎ ለማን ያስረዳል? እናቴ «አሁኑኑ ይቃጠል» አለች። አባቴ በሕይወቱ መዝገብ አቃጥሎ አያውቅም። ሰው እንዲህ ሲገረጣ ያየሁት ያኔ ነው። «መዝገብ አይቃጠልም» አለ። ፍርሃቱ ከእሷ ያነሰ ሆኖ አይደለም፤ ግን አልቻለም።

በመጨረሻ እናቴ መዝገቡን ከእጁ ነጥቃ በፌስታል ጠቀለለችና ጓዳ ገባች። ጠላ የሚጠነሰስበት ትልቁ ጋን ባዶ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ከተተችው፣ በላዩ ላይ ጌሾ ሞላችበት። የእሱ ሸክላ በእሷ ሸክላ ውስጥ ተደበቀ። ይህንን ቀልድ ከብዙ ዓመት በኋላ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ፈታሾቹ ሲመጡ ቡፌውን ከፍተው ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አወጡ። አንደኛው ቀዩን ቁጥር አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። አባቴ አንዴ ዋጥ አድርጎ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ» አለው። «ቁጥር ካልጻፍኩበት የእኔ አይመስለኝም።» ሰውየው ለአፍታ አየው፤ ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ «ሰውየው ሚስቱንም ቁጥር ሳይሰጣት አይቀርም» አለና ሁለቱም ሳቁ። ወጡ። ለዓመታት እናቴ ከዚያ ፈታሽ ቀልድ ወስዳ አባቴን «የእኔ ቁጥር ስንት ነው?» እያለች ታናድደው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሸክላው ነገር እየቀዘቀዘ ሄደ። ሰዓት እላፊው የማታ ጨዋታውን አጠፋው፤ ካሴቱ ደግሞ የቀረውን ወሰደ። የመጨረሻው ገቢ 87 ቁጥር ነው፣ በ1970 ዓ.ም፤ ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ የሠሩት «ቼ በለው»፣ በካይፋ የወጣ ሎንግ ፕሌይ። ዘፋኝ ስለሌለው አባቴ «የዘፋኙ ስም» የሚለው ዓምድ ላይ ምን እንደሚጽፍ ጨንቆት ሰረዝ አድርጎ አለፈው። ካሴት አልገዛም። «ቁጥሩ የት ይጻፋል?» አለ፤ የሚጻፍበት ቦታ እንዳለ ቢነገረውም።

አባቴ በ1998 ዓ.ም አረፈ። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ደላላ ሻንጣ ይዞ መጣ። የድሮ ሸክላ እየገዛ ለውጭ ሰዎች የሚሸጥ ነው። የድሮ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን ሰብስቦ የሚያወጣው የፈረንሳዩ ኢትዮፒክስ እ.ኤ.አ. በ1997 መውጣት ከጀመረ ወዲህ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ትንሽ ሸክላ በውጭ በመቶ በሚቆጠር ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር። ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀው «የዋልያስ አለ?» ብሎ ነው። ከዚያ ቀዩን ቁጥር ሲያይ ፊቱን አጨማደደ፤ «ይሄ ዋጋ ይቀንሳል» አለ። እናቴ ቡናዋን እየቀዳች አዳመጠችው። ዋጋ ተናገረ። ቀላል ገንዘብ አልነበረም፣ እሷም ገንዘብ ያስፈልጋት ነበር። ጨርሶ ሲያበቃ «አንድ ያልተመለሰ አለ፤ ሳይሟላ አይሸጥም» አለችው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ሄደ። እኔም ግራ ገባኝ፤ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ስለዚያ ልጅ በአፏ አንዲት ቃል ስትናገር አልሰማሁም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ነው ሰማንያ ስድስት ሸክላና አንድ መዝገብ የወረስኩት። ማጫወቻው ግን ከሞተ ቆይቷል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው እህቴ በ2004 ዓ.ም ለፋሲካ ስትመጣ ያገለገለ አሜሪካን ሠራሽ ማጫወቻ በልብስ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ፤ ሽቦውን አገናኘሁ፤ እናቴን ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት፤ የማሕሙድን አደረግሁ።

ከማጉያው የወጣው ማሕሙድ አይደለም። ወፍራም፣ ዘገምተኛ፣ ከእንቅልፉ በግድ የተነሣ ሰው ነው። ሳክስፎኑ እንደ ጥሩምባ ያጓራል። እናቴ አዳምጣ አዳምጣ «ብርድ መታው እንዴ?» አለች።

የሬዲዮ ጠጋኙ ትራንስፎርመሩ ደክሞ ነው አለኝ። ሁለተኛ ገዛሁ፤ ያው ነው። በመጨረሻ መዞሪያው ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጠፍኩና ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ነገር ሠላሳ ሰባት ተኩል ይዞራል። ያኔ ገባኝ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50። እንዲህ ያለው ሞተር የሚከተለው ቮልቱን ሳይሆን ያንን መመላለስ ነው፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልት ያወርዳል እንጂ መመላለሱን አይነካም። ከስድስት አምስት እጁ ነው የቀረው። ማሕሙድ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዶ ነበር የሚዘፍነው።

መፍትሔው ሞተሩ አናት ላይ ያለችውን፣ ላስቲኩ የሚጠመጠምባትን ትንሽ የነሐስ ጎማ በአንድ አምስተኛ ማወፈር ነው። ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ የመኪና ዕቃ ሲያወጣ የሚውል ሽማግሌ ነው፤ ጣቱን የምታህል ነገር ሳሳየው በመነጽሩ ላይ አየኝ። ነገሩን ስነግረው ግን ሳቀና «ስለዚህ ዘፋኙን ነው የምናስቸኩለው» አለ። ጎማዋን ለካ፣ ላስቲኩንም ለካ፤ እኔ የላስቲኩን ውፍረት በሒሳቤ አላስገባሁትም ነበር። «ጨምሬ እሠራታለሁ፤ መቀነስ ይቻላል፣ የተቀነሰ ግን አይጨመርም» አለኝ። ማጫወቻውን እዚያው የብረት ብናኝ መሐል አቆምነው። በመርፌው ቤት ውስጥ ማግኔት ስላለ ብናኙ እንዳይስበው ጫፉን በፌስታል አስሬዋለሁ። ሸክላ የለም፣ ዘፈን የለም፤ ባዶ መዞሪያ እያየን ሁለታችን ቆጠርን። 46። አውልቆ ላጣት። 45 ተኩል። ደግሞ ላጣት። ሁለቱ ተለማማጆችም ሥራቸውን ትተው መቁጠር ጀመሩ። አርባ አምስት ላይ ስንደርስ ቶርኖ ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

ያን ማታ ማሕሙድ ማሕሙድ ሆነ።

ሸክላዎቹን ማጠብ ሌላ ጣጣ ነው። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ እገዛለሁ፤ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነገር ቦዩ ውስጥ ይተዋል። ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ክብ ክብ እያሉ ከቦዩ ጋር መሄድ እንጂ ማቋረጥ የለም። ትልቁ ፍርሃቴ የአባቴ ቀይ ቁጥር ነው። ውሃ ከነካው ይፈስሳል፤ አንዱን፣ 9 ቁጥርን፣ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አበላሽቼዋለሁ። አሁን የፕላስቲክ ክዳን መሐሉ ላይ ጫን አድርጌ ነው የማጥበው። ልጄ «ቁጥሩን ነው ወይስ ዘፈኑን ነው የምትጠብቀው?» ትለኛለች። የእናቴን ምላስ ነው የወረሰችው። አሁን ሁሉም መደርደሪያ ላይ ቆመው ይቀመጣሉ፣ በተራ ቁጥራቸው። ከ30 ቀጥሎ 32 ነው።

ሳንቲሟ ያደረሰችው ጉዳት ይሰማል። «ሰ» እና «ጸ» ያለበት ቃል ሁሉ ጫፉ ተቃጥሏል፤ ከሥሩ ደግሞ ቆሎ ይቆላል። እህቴ በኋላ የላከችልኝ መርፌ ግን ጫፉ እንደ ድሮዎቹ ድቡልቡል ሳይሆን ሞላላ ነው፤ የቦዩን ግድግዳ የሚነካው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሸክላ ላይ የአባቴ መርፌ ያልደረሰበት ቦታ ያገኛል። በ14 ቁጥር ላይ፣ በልጅነቴ ጨርሶ የማላውቀው የሲምባል ድምፅ አለ። ስሰማው ደስ ይለኛል፤ ትንሽም ሌላ ሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

በ2014 ዓ.ም ምናለሽ ተራ ሽቦ ፍለጋ ሄጄ አንድ ልጅ መሬት ላይ ካነጠፋቸው የድሮ ካሴቶች ሥር ትናንሽ ሸክላዎች አየሁ። ሦስተኛው የብዙነሽ ነበር። ያው ነው፤ ሁለቱም ርዕሶች በአባቴ ጽሕፈት የማውቃቸው። እጄ መንቀጥቀጡ ዋጋ እንደሚያስጨምርብኝ አውቃለሁ፣ ግን ማቆም አልቻልኩም። ገልብጬ ቀይ ቁጥር ፈለግሁ። የለም። በሰማያዊ ቢክ የሆነ ሰው የሴት ስም ጽፎ ልብ ሥሎበታል። 800 ብር አለኝ፤ ሳልከራከር ከፈልኩ።

እናቴ ያኔ ጆሮዋ ደክሞ ነበር፣ ሆኖም ማጉያው አጠገብ ወንበሯን አስጠጋሁላት። አንደኛው ፊት እስኪያልቅ አልተናገረችም። ሲያልቅ «የእኛው ነው?» አለች። «አይደለም» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ «አገላብጠው» አለችኝ።

ማታ መዝገቡን አወጣሁ። ከአርባ አራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ገቢ ነው። 31 ላይ ያለው ፊርማ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ከሥሩ የተሰመረው መስመር ግን አለ፤ ከጎኑ «ተመላሽ» ባዶ ነው። እዚያ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ወደ መጨረሻው ገጽ ሄጄ፣ ከ87 ሥር፣ 88 ብዬ ጻፍኩ፤ ቀን፣ ስም፣ አንደኛ ፊት፣ ሁለተኛ ፊት፣ ዋጋ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሸክላ ወዳጅ ጓደኛዬ መጥቶ ስናዳምጥ አመሸንና ሊሄድ ሲል «እቺን የብዙነሽን አውሰኝ» አለ። ቀልድ እንዳይመስለው ኮስተር ብዬ መዝገቡን አመጣሁለት። ሳቀ፣ ከዚያ ፊቴን አየና እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። ፈረመ።

እስከ እሁድ ብሏል።